እግረኛ፣ ባለ ቢስክሌትና ፈረሰኛ በአውራ ጎዳናዎቻችን ላይ ስላላቸው ስፍራ

መንገድ የሚለው ቃል በአገራችን ከመኪና በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል። መንገደኛ ሲባል በእግሩ የሚሄድ፣ ቢደላውም በበቅሎ ተቀምጦ ስንቁን በአህያ የሚያስጭን ሰው ነበር። እግረኛና ፈረሰኛ የሚሉት ሁለቱ ቃላት ደግሞ በነገሥታቱ ዜና መዋዕል ውስጥ የሠራዊት ክፍል ስሞች ስለ ነበሩ፣ ሲነገሩ ግርማ ነበራቸው። ዛሬ እነዚሁ ቃላት ከመንገድ ሥራ መዝገብ ሲገቡ ትርጉማቸው ተለውጧል። እግረኛ ማለት ከአስፋልቱ ዳር ሊወገድ፣ በአጥር ሊከለከል፣ አለዚያም ድልድይ ላይ ወጥቶ ሊያልፍ የሚገባው ሰው ሆኗል። ፈረሰኛው ደግሞ ስሙን የሚያነሣለት እንኳ እምብዛም አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ የአውራ ጎዳናን ጥቅም ለመንቀፍ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ለማውጣት ካስጠረጉት መንገድ ጀምሮ፣ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን እስከ ተቋቋመበት፣ ከዚያም ወዲህ እስከ ዛሬ ድረስ መንገድ ለዚህች ተራራማ አገር ያደረገላትን መዘርዘር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። እኛ የምንመረምረው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም አንድ ዋና ጎዳና ሲነደፍ፣ በእግሩ፣ በቢስክሌቱ፣ በፈረሱ ወይም በጋሪው የሚሄደው ሰው ከመንገዱ ባለቤቶች እንደ አንዱ ይቈጠራል ወይስ ከመንገዱ ዕንቅፋቶች እንደ አንዱ? የሚለው ነው። እንደ እኛ አስተያየት እስካሁን የተቈጠረው ከዕንቅፋቶቹ ጋራ ነው። ማስረጃውም በወረቀቱም በኮንክሪቱም ላይ ይታያል።

ነገሩን ከቈጠራው መጀመር ይሻላል፤ መሐንዲስ የሚያምነው ቍጥርን ነውና። የቀድሞው የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን፣ ማለት የዛሬው አስተዳደር፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የመንገድ ቅርጽ አነዳደፍ መምሪያ ውስጥ በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ በአንዲት የቤት መኪና ልክ ይመዘናል። የቤት መኪና 1 ስትሆን ቢስክሌት 0.20፣ እግረኛ 0.15 ነው። እንግዲህ ሰባት ሰዎች ቢሰበሰቡ አንዲት መኪና ያህላሉ ማለት ነው። በመኪናይቱ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ተቀምጦ የሚገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው! እውነቱን እንናገር ካልን፣ ሚዛኑ ለተሠራበት ጉዳይ ነውር የለበትም። የተፈለገው፣ አንዱ ተጓዥ ከመንገዱ ስንት ስፍራ እንደሚይዝና የሌላውን ሩጫ ምን ያህል እንደሚያዘገይ ለማወቅ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ይህ የስፍራ መለኪያ የሰውዬው ጉዳይ መለኪያ ሆኖ የተወሰደ እንደ ሆነ ነው። ውሃ ቀድታ የምትመለሰው ሴት ከመንገዱ የምትይዘው ስፍራ ጥቂት ነው፤ በመንገዱ ላይ ያላት ጉዳይ ግን በመኪና ከሚያልፈው ነጋዴ ጉዳይ በምን ያንሳል?

ቈጠራው ሌላም እንከን አለበት። ቈጣሪው በመንገድ ዳር ቆሞ የሚቈጥረው የሚሻገረውን ሰው ነው፤ ሊሻገር ፈልጎ የቀረውን አይቈጥርም። መኪና በሚበዛበትና መሻገሪያ በሌለበት ስፍራ፣ ወዲያ ማዶ ዘመድ ያለው ሰው መጠየቁን ይቀንሳል፤ እናት ልጅዋን ቅርብ ከሆነው ትምህርት ቤት አውጥታ ራቅ ካለው ታስገባለች፤ ሽማግሌው ሲስመው የኖረውን ቤተ ክርስቲያን ትቶ በወዲህኛው በኩል ያለውን ይለምዳል። ከዚህ በኋላ ቈጣሪ ቢመጣ የሚሻገር ሰው ጥቂት ሆኖ ያገኘዋል፤ መሻገሪያም አያስፈልግም ተብሎ ይጻፋል። መንገዱ ራሱ ያጠፋውን እግር መልሶ ለራሱ ምስክር አድርጎ ያቀርባል ማለት ነው።

ከወረቀቱ ወደ ኮንክሪቱ እንለፍ። የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በቻይና ተቋራጭ ሲሠራ የከተማይቱ ታላቅ ሥራ ነበር። በመሐሉ የሲሚንቶ አጥር ቆመለት፤ ለእግረኛውም በየርቀቱ የመሻገሪያ ድልድይ ተሠራለት። ነዳፊው እግረኛውን አልረሳውም ልንል እንችላለን። ነገር ግን እንዴት አድርጎ እንዳሰበው መመርመር ያስፈልጋል። ከበታቹ የጭነት መኪና እንዲያልፍ የተፈለገ ድልድይ ከ5 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያሻዋል፤ የድልድዩ ውፍረት ሲጨመርበት ሰውዬው 6 ሜትር ያህል መውጣት አለበት። አንዱ ደረጃ 15 ሳንቲሜትር ቢሆን አርባ ደረጃ ወጥቶ አርባ ደረጃ ይወርዳል ማለት ነው። ደረጃው ቀርቶ ተዳፋት ይሁን ቢባል፣ በአሥራ ሁለት ሜትር አንድ ሜትር በሚወጣ ተዳፋት 72 ሜትር ወጥቶ 72 ሜትር መውረድ ይኖርበታል። ይህ ሁሉ እንግዲህ ሠላሳ ሜትር እንኳ የማይሞላ አስፋልት ለመሻገር ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቈረቈረች ከተማ፣ እንጨት በጀርባዋ ያዘለች ሴት ወይም የጤፍ ከረጢት የተሸከመ ወዛደር ይህን እንዲያደርግ ስንጠይቀው፣ በመኪናው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ፍሬን መርገጥ እንዳያስፈልገው ነው። አንዱ በእግሩ ጣት እንዳይደክም ሌላው በሙሉ ሰውነቱ ይደክማል።

ስለዚህ ብዙ ሰው ድልድዩን ትቶ በአጥሩ ላይ ይዘል ነበር። ሲዘልም አደጋ ደረሰ። አደጋ በደረሰ ቍጥር ደግሞ በጋዜጣና በሬድዮ የምንሰማው ንግግር አንድ ዐይነት ነው፤ የሕዝቡ ንቃት ገና አልዳበረም፣ እግረኛው በተፈቀደለት ስፍራ መሻገርን አልለመደም ይባላል። በእኛ አስተያየት ይህ ንግግር ስንፍና ነው። አንድ ሺህ ሰው በየቀኑ በአንድ ስፍራ በአጥር ላይ የሚዘል ከሆነ፣ ያ ስፍራ መሻገሪያ ነው፤ ያልተሻገረው ነዳፊው ነው። አጥሩ ከመቆሙ በፊት እዚያው ቦታ ላይ የእግር መንገድ እንደ ነበረ የሰፈሩን ሽማግሌ መጠየቅ ይበቃል።

እግረኛው በአጥሩ ሲዘል የሚገባበትን የጊዜ ሒሳብም ማየት ጥሩ ነው። በአንድ ወገን ሦስት መስመር ያለው መንገድ፣ እያንዳንዱ መስመር 3.5 ሜትር ቢሆን፣ ወርዱ 10.5 ሜትር ይሆናል። ጤናማ ሰው በአንድ ሴኮንድ 1.2 ሜትር ያህል ይራመዳል ቢባል ለመሻገር ወደ ዘጠኝ ሴኮንድ ያስፈልገዋል። በሰዓት 80 ኪሎሜትር የምትሮጥ መኪና በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ190 ሜትር በላይ ትጓዛለች። ስለዚህ ሰውዬው እግሩን ሲያነሣ መኪናይቱ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ርቃ መታየት አለባት፤ መንገዱ በዚያ የሚታጠፍ ወይም ቁልቁል የሚወርድ ከሆነ ደግሞ አትታይም። ይህ ለጤናማ ጐልማሳ የተሠራ ሒሳብ ነው። ለአሮጊት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ወይም ሦስት የተጫኑ አህዮች ለሚነዳ ገበሬ ሒሳቡን አንባቢው ራሱ ይሥራው።

ከቀለበት መንገዱ ጋራ ልናነጻጽረው የሚገባ ሌላ ሥራ አለ፤ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ለተሽከርካሪ የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ ፈጣን መንገድ ነው። ይህ ባለ ስድስት መስመር መንገድ እግረኛን፣ ቢስክሌትንና ጋሪን ጨርሶ አያስገባም፤ ዙሪያውንም ታጥሯል። አንባቢው ከላይ ከተናገርነው ተነሥቶ ይህን መንገድ ደግሞ አብልጠን የምንነቅፈው ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን ከሁለቱ እሱን እናስቀድማለን። ምክንያቱም የፈጣን መንገዱ ነዳፊ እግረኛውን በግልጽ አይሆንም ብሎታል፤ አይሆንም ሲለውም በዱከም፣ በቢሾፍቱና በሞጆ የሚያልፈውን አሮጌ መንገድ ትቶለታል፤ ከሥርም ከላይም ማለፊያ ሠርቶለታል። ቀለበት መንገዱ ግን እግረኛውን አላስወጣውም፣ አልተቀበለውምም። በከተማ መካከል እየሄደ፣ ግራና ቀኙ ቤትና ገበያ እየሆነ፣ የገጠር ፈጣን መንገድ ጠባይ ይዞ ተሠራ። የሁለት መንገድ ጠባይ በአንድ መንገድ ላይ ሲደረብ ዋጋውን የሚከፍለው ደካማው ነው።

በአሮጌው መንገድ ላይ ግን ትልቅ ዕድል አምልጦናል። ከከባድ መኪናው ብዙው ወደ ፈጣኑ መንገድ ሲዛወር፣ በአሮጌው አስፋልት ላይ ለእግረኛ፣ ለቢስክሌትና ለጋሪ የተለየ ስፍራ ለመክፈል ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። ቢሾፍቱን የሚያውቅ ሰው የፈረስ ጋሪ በዚያች ከተማ ምን ያህል ሕዝብ ሲያመላልስ እንደ ኖረ ያውቃል። ሆኖም በከተሞቻችን የተለመደው አሠራር ጋሪውን ከዋናው አስፋልት አርቆ ወደ ኮረኮንች መላክ ነው፤ ፈረሱም ኮረኮንቹ ላይ ኮቴው ይላጣል።

ስለ ፈረስ ካነሣን ዘንድ፣ ነገሩን ለከተማ ሰው ጨዋታ አድርገው የሚያዩት ስላሉ ጥቂት እንቆይበት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውራ ጎዳና እንጅባራን አቋርጦ ያልፋል። እንጅባራ በአዊ አገር የፈረስ ከተማ ናት፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብረውን በዓል ያየ ሰው ፈረስ ለዚያ ሕዝብ ምን እንደ ሆነ አይነገረውም። በዓሉ በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ገበያው፣ ሠርጉና ለቅሶው ግን በየሳምንቱ አለ። ወደ ለቅሶ የሚሄድ ባለፈረስ ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ይሄዳል፤ ከኋላው አይሱዙ የጡሩምባ ድምፅ ሲያሰማ ፈረሱ ይደነግጣል። ፈረስ በተፈጥሮው ሲፈራ የሚሸሽ እንስሳ ነው፤ ዐይኖቹ በጐን ስለ ተተከሉ ዙሪያውን ይመለከታል፤ ልክ ከጀርባው ያለውን ግን አያይም። ከማያየው ወገን ድንገት የሚመጣ ጩኸት ወዴት እንደሚያሸሸው ባለቤቱም አያውቅም። ፈረስ የማያውቅ ነዳፊ ለፈረሰኛ አንድ ሜትር የጠጠር ትከሻ ይበቃዋል ብሎ ያስባል፤ የሚደነግጥ ፈረስ ግን በአንድ ጊዜ ከዚያ የሚበልጥ ወደ ጐን ይዘላል።

በዚህ ረገድ እንግሊዞች የጻፉትን መመልከት ይጠቅማል። በአገራቸው የመንገዶችና የድልድዮች አነዳደፍ መምሪያ ውስጥ ጂጂ 142 የተባለ ክፍል አለ፤ ርእሱ በአማርኛ ሲመለስ የእግር ጕዞ፣ የቢስክሌትና የፈረስ ግልቢያ ግምገማና ክለሳ ማለት ነው። ዋና መንገድ ሊሠራ ወይም ሊሻሻል ሲታሰብ፣ ነዳፊው እርሳሱን ከማንሣቱ አስቀድሞ፣ በዚያ አካባቢ በእግር፣ በቢስክሌትና በፈረስ የሚሄደው ሰው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ የሚያጠና ሰው ይሾማል፤ ንድፉም በየደረጃው በዚያው ዐይን ይከለሳል። በጣም የወደድነው ግን ፈረሰኛውን በስሙ መጥራቱ ነው። በስሙ ስለ ተጠራ ቁመቱም ታሰበለት፤ ፈረሰኛ በሚያልፍበት ድልድይ ላይ የጐኑ መከለያ 1.8 ሜትር ከፍታ እንዲኖረው ይደረጋል። መብራት ባለበት የፈረስ መሻገሪያ ላይም፣ በግሪኮች ተረት ክንፍ ባለው ፈረስ ስም ፔጋሰስ ብለው በሚጠሩት፣ ሰውዬው ከኮርቻው ሳይወርድ እንዲነካው የመብራቱ መጥሪያ 2 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይተከላል። ትንሽ ነገር ነው፤ ነዳፊው አንድ ጊዜ ራሱን በኮርቻ ላይ አስቀምጦ እንዳሰበ ግን ያስረዳል።

ይሁን እንጂ መምሪያውን እንዳለ ገልብጠን እናምጣው የሚለውን አሳብ አንቀበልም። በመጀመሪያ፣ የእንግሊዙ ደንብ መጠየቅን እንጂ መሥራትን አያስገድድም፤ ገምጋሚው ያየውን ጥሩ ዕድል ጽፎ ማቅረብ ይችላል፤ ገንዘቡ የጠበበ እንደ ሆነ ዕድሉ በወረቀት ላይ ይቀራል። ከዚህም የሚበልጠው፣ በዚያ አገር ፈረስ የሚጋልበው ሰው ብዙውን ጊዜ ለደስታው ነው፤ መንገዱ ባይመቸው ፈረሱን በጋጣው ትቶ በመኪናው ይሄዳል። የአዊው ባለፈረስና የጭነት አህያ ነጂው ግን ሌላ አማራጭ የላቸውም። እዚያ የትርፍ ጊዜ ጉዳይ የሆነው እዚህ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ደንቡ ወደ እኛ ሲመጣ መጥበቅ አለበት እንጂ መላላት የለበትም።

ስለ ቢስክሌት ብዙ አንናገርም። ባሕር ዳር ሜዳማ በመሆንዋ ለብዙ ዘመን የቢስክሌት ከተማ ሆና ኖራለች፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ሴቱም ወንዱም ይጋልባል። ይህን ልማድ የፈጠረው ፖሊሲ ሳይሆን ሜዳው ነው። አሁን ባጃጁና መኪናው ሲበዛ ባለ ቢስክሌቱ ወደ ዳር ተገፍቷል፤ ዳር ሲደርስም የቆመ ታክሲ፣ የሸቀጥ ክምርና የተሰበረ የአስፋልት ጠርዝ ያገኘዋል። ያልነበረውን ልማድ በሌላ ከተማ ለማምጣት ገንዘብ ከማፍሰስ፣ ያለውን እንዳይሞት መጠበቅ ይቀላል።

ባለፉት ዓመታት የታየውን መልካም ጅማሬ ሳንጠቅስ ብናልፍ ፍርዳችን ይጐድላል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. መንገድ ለሰው በሚል ስም አንዳንድ ጎዳናዎች ለመኪና እየተዘጉ ሕዝብ እንዲሄድባቸው ተደረገ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ሞተር አልባ መጓጓዣን የሚመለከት የአሥር ዓመት ብሔራዊ ስልት፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ፣ ታወጀ። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጕዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር መሆኑም ደጋግሞ ተጽፏል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና የቢስክሌት መስመር ተሠርቷል፤ በእነዚህ ላይ የሚሄድ ሰው ደስ ይለዋል፤ እኛም ደስ ብሎናል። ነገር ግን በዚሁ ሥራ ምክንያት ከመሐል ከተማ ተነሥቶ ወደ ዳር የሄደው ሰው የእግር መንገዱ ረዝሞበታል፤ አዲሱን ንጣፍ የሚረግጠው ከታክሲ ሲወርድ ነው። ደግሞም ንጣፉ ከጎዳናው ጋራ ጎን ለጎን የሚሄድ ነው። የእግረኛው ሞት ግን ይበልጡን የሚገኘው ጎን ለጎን ሲሄድ ሳይሆን ሲሻገር ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣብን ጥያቄ ይታወቃል፤ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የሚል ነው። የምሕንድስና ተማሪ ወዳጆቻችን ይህን በተደጋጋሚ ጠይቀውናል። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ በከተማ ውስጥ ርካሹ መሻገሪያ ድልድይ ሳይሆን የመኪናን ፍጥነት መቀነስ ነው። ከፍ ተደርጎ የተሠራ የመሻገሪያ ንጣፍ፣ በመሐሉም እግረኛው ቆሞ ትንፋሹን የሚሰበስብበት ደሴት፣ ከአንድ የብረት ድልድይ እጅግ ያነሰ ሲሚንቶ ይበላል። በሰዓት 30 ኪሎሜትር በምትሄድ መኪና የተመታ ሰው ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ በ80 የተመታ ግን የሚተርፈው ጥቂቱ ነው።

ሁለተኛው መልስ ለገጠሩ ጎዳና ነው። በተራራማ አገራችን መንገድ ሲሠራ የዝናብ ውሃ ከሥሩ የሚያልፍባቸው አነስተኛ ድልድዮች በየጥቂቱ ርቀት መሠራታቸው የማይቀር ነው። በበጋ ወራት እረኛው ከብቱን አጐንብሶ በእነዚህ ውስጥ ሲያሳልፍ ያየ ብዙ ነው፤ ሕዝቡ መሐንዲሱ ያላሰበውን ጥቅም ራሱ አግኝቶለታል። እንግዲያውስ ከአሥሩ አንዱ፣ የእግር መንገዱ ባለበት ስፍራ፣ ሰው ቀጥ ብሎ ባለፈረሱም ሳይወርድ እንዲያልፍ ከፍ ተደርጎ ቢሠራ፣ ለውሃው ሲባል የማይቀረው ቁፋሮና ኮንክሪት ለሰውም ይሆናል። ወለሉ በአንድ ወገን ከፍ ያለ መረገጫ ካለው በክረምትም ቢሆን ጎርፉ ካልበረታ ያሳልፋል። ከሥር ለሚያልፍ ሰው የሚያስፈልገው ከፍታ ከላይ ለሚያልፈው ከሚያስፈልገው ያነሰ ነው፤ መኪና ረጅም፣ ሰው አጭር ነውና። ቁልቁለቱም ዐቀበቱም ለእግረኛው ይቀልለታል። ይህ ግን የሚቻለው መንገዱ በወረቀት ላይ ሳለ ብቻ ነው፤ አስፋልቱ ከፈሰሰ በኋላ አንዱን ማለፊያ ለመክፈት ጎዳናውን መቍረጥ ያስፈልጋል።

ስለዚህ በበኩላችን የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። የመንገድ ጥናት ቡድን ወደ አንድ ወረዳ ሲወጣ፣ የመኪናውን ቈጠራ በማንኛውም ቀን ሊያደርግ ይችላል፤ የሰውንና የእንስሳን ቈጠራ ግን በገበያ ቀን፣ በትምህርት ቤት መግቢያ ሰዓት፣ በእሑድ ጧትና በወር በዓል ቀን እንዲያደርግ በደንብ ይታዘዝ። ከቈጠራው ጋራ አዲሱ መንገድ የሚያቋርጣቸው የእግር መንገዶች ሁሉ፣ ከብት የሚወርድባቸውም ጭምር፣ በካርታው ላይ በቀለም ይሠመሩ፤ ለእያንዳንዱም በምን እንደሚሻገር በአንድ ቃል ይጻፍበት። ወደ ፊት ይታያል የሚለው መልስ እንዳይቀበሉት። የኮሌጃችን ተማሪዎች በክረምቱ ዕረፍት ወደየአገራቸው ሲሄዱ፣ በየወረዳቸው አንድ መንገድ መርጠው እንዲህ ያለውን ካርታ ቢሠሩ፣ በሚቀጥለው ዓመት መጽሔታችን የእንጅባራን፣ የቢሾፍቱንና የባሕር ዳርን መሻገሪያዎች ጎን ለጎን አድርጎ ሊያወጣ ይችላል። ቈጠራው የሚደረግበትን ቅጽ ከዚህ ክፍል አዘጋጆች ዘንድ ማግኘት ይቻላል።